የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም መንግሥት ምን ያጣል?

ባለማኅተም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማል፣ ከወዲሁ ይቅርታ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳሰላስለው ከርሜ ነው የጻፍኩት።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ማኅተም የሚመታበት፣ ሰው በመስኮት የሚስተናገድበት ቦታ ነው ብላችሁ ያዙት። ደመወዛችን ኑሮን መከተል ካቃተው ቆይቷል፣ ይሄን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሰሞኑን በሻይ ሰዓት የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አድማ። ከነገ ወዲያ ስብሰባ አለን፣ ድምፅ ይሰጣል። እኔ ግን እጄን ላውጣ አላውጣ ገና አልወሰንኩም።

ያስቸገረኝ ይሄ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ማሽኑ ይቆማል፣ ምርት ይቀራል፣ ባለቤቱ በየሰዓቱ ገንዘብ እያጣ ስለሚሄድ ለድርድር ይቸኩላል። እኛ ብናቆምስ? መንግሥት ምን ያጣል? ያልሠራንበትን ቀን ካልከፈለን እንዲያውም ይቆጥባል። የሚጎዳው መስኮቱ ፊት የተሰለፈው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ደመወዜ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ታዲያ ጉልበታችን የቱ ጋ ነው? ወይስ ጉልበት ሳይኖረን ራሳችንን እየሸነገልን ነው?

አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ሰው እንዳይመጣ። በየስብሰባው ሰምቼው ሰልችቶኛል።

ዝም_አልልም፦
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ይቅርታ፣ አላስቻለኝም። ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ ግን ተሳስተሃል ወንድሜ። አሜሪካ፣ 1970 (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የፌዴራል ሠራተኛ አድማ መምታት በሕግ ወንጀል ነበር፣ አሁንም ነው። በመጋቢት የኒውዮርክ ፖስታ ሠራተኞች የራሳቸው ማኅበር መሪዎች እየለመኗቸው ሥራ አቆሙ። በጥቂት ቀን ውስጥ ከ200,000 በላይ ሆኑ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ደብዳቤ እንዲለዩ ወታደር ላከ። ወታደሩ ምን ያውቃል? ደብዳቤ መለየት የዓመታት ልምድ ነው፣ የትኛው መንገድ የትኛው ፖስተኛ ጋ እንደሚሄድ በቃል የሚታወቅ ነገር ነው። ስምንት ቀን ብቻ ነው የቆየው። ማንም ሳይባረር ደመወዝ ተጨመረ፣ የመደራደር መብትም በአዋጅ ተገኘ።

መንግሥት ምን ያጣል ላልከው፤ ያን ጊዜ ቼኩ፣ የአክሲዮን ሰነዱ፣ የግብር ወረቀቱ፣ ለቬትናም ጦርነት የሚላከው የምልመላ ጥሪ ሳይቀር በፖስታ ነበር የሚሄደው። መንግሥት ትርፍ ላያጣ ይችላል። መንግሥትነቱ ግን በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው የሚሠራው።

ቁጥር_አዋቂ፦
ደስ የሚለውን መርጠህ ነው ያመጣኸው። እዚያው አገር ከ11 ዓመት በኋላ የሆነውን ለምን ዘለልከው?

ነሐሴ 3፣ 1981። 13,000 ገደማ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ አቆሙ። እነሱም እንደ ፖስተኞቹ በሕግ የተከለከሉ ናቸው። ፕሬዚዳንት ሬገን 48 ሰዓት ሰጣቸው። ያልተመለሱትን 11,345 ሰዎች አባረራቸው፣ ዳግም እንዳይቀጠሩም ከለከለ። እገዳው የተነሣው በክሊንተን ጊዜ 1993 ላይ ነው። ማኅበራቸው እውቅናውን ተነጠቀ፣ ጠፋ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ማኅበሩ በ1980ው ምርጫ ሬገንን ደግፎ ነበር። ሬገን ራሱ የፊልም ተዋንያን ማኅበር መሪ ሆኖ በ1960 አድማ የመራ ሰው ነው። ይሄን አስቡት። አድማ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይደለም ያባረራቸው፣ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ባለማኅተም፦
እሺ። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የአውሮፕላን ተቆጣጣሪ እኮ ከፖስተኛ ይልቅ በሌላ ለመተካት የሚከብድ ነው። እንደ እኔ ግምት ማሸነፍ የነበረባቸው እነሱ ነበሩ።

ቁጥር_አዋቂ፦
ጥሩ ጥያቄ። ሦስት ነገር ይታየኛል።

መንግሥት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። የበረራዎቹን ቁጥር ቀነሰ፣ የፈረቃ ኃላፊዎችን፣ አድማ ያልመቱትን እና ወታደራዊ ተቆጣጣሪዎችን አስገባ። ሰማዩ አልተዘጋም። የአድማው ስሌት ግን ሰማዩ ይዘጋል የሚል ነበር። ሁለተኛ፣ አብራሪዎቹና የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኞቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። እነሱ «ተቆጣጣሪ ከሌለ አንበርም» ቢሉ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር፣ ግን ማን ቀድሞ አናገራቸው? ሦስተኛ፣ ጥያቄው ነው። የዓመት 10,000 ዶላር ጭማሪ እና የ32 ሰዓት የሥራ ሳምንት። ሥራቸው በእርግጥ ነርቭ የሚጨርስ ነው፣ እኔ አልክድም። ግን ብዙው ሰው ከእሱ የተሻለ የሚከፈለው ሰው ይሄን ሲጠይቅ ሰማ እና ትከሻውን ነቀነቀ።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔም ልግባበት። ተራ በተራ ሳነብ ሁላችሁም አንድ ቦታ ላይ ትቆማላችሁ፤ «ይተካል ወይስ አይተካም?» የሚለው ላይ። እሱ ብቻ አይደለም።

ቆሻሻ ማንሣት ማን ያቅተዋል? አሜሪካ ውስጥ በሜምፊስ ከተማ በ1968 አድማ የመቱት 1,300 የጽዳት ሠራተኞች በቀላሉ የሚተኩ ነበሩ፣ ከተማውም አድማ ሰባሪ ቀጥሮ መኪኖቹን አስወጣ። መነሻው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኤኮል ኮል እና ሮበርት ዎከር። ዝናብ ሊያመልጡ ቆሻሻ መኪናው ውስጥ ተጠልለው ሳለ መጭመቂያው በድንገት ሠርቶ ገደላቸው። ጓደኞቻቸው የጠየቁት ደመወዝም ነው፣ የማኅበር እውቅናም ነው። ደረታቸው ላይ ያነገቱት ጽሑፍ ግን «ሰው ነኝ» የሚል ነበር። ስለ ገንዘብ አንድ ቃል የለበትም። ከዚያ በኋላ ነገሩ የቆሻሻ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ቤተ ክርስቲያኑ መጣ፣ ተማሪው መጣ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ መጣ። እዚያው ከተማ ነው ሚያዝያ 4 የተገደለው። ከተማው የተስማማው ከ12 ቀን በኋላ ነው። የተከፈለው ዋጋ እንዲህ ከባድ ነበር፤ በደስታ የማወራው ድል አይደለም።

አሁን የራሴን። በወጣትነቴ አንድ አድማ ውስጥ ነበርኩ። የት እንደሆነ ይቅር። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው እንኳ አልገባም፣ ደስታችን ለጉድ ነበር። በሁለተኛው ቀን «ኃላፊው ስም እየጻፈ ነው» የሚል ወሬ መጣ። ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላወቅንም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግማሾቹ በጓሮ በር ሾልከው ገቡ። እኔም በአራተኛው ቀን ገባሁ፣ አልዋሻችሁም። እንዴት እንደምንወጣ ተማምለን ነበር። እንዴት እንደምንመለስ፣ ምን ቢሰጡን በቃን እንደምንል ግን አንድ ቀን አልተነጋገርንበትም።

አሁንም ከዓይኔ የማይጠፋው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናት ወረቀታቸውን ይዘው በር ላይ መጡ። ዝግ ሲሆንባቸው ወደ እኛ ዞረው «ልጆቼ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?» አሉን። ምን እንደጠየቅን፣ ለምን እንደቆምን ከግቢው ውጭ አንድ ሰው አያውቅም ነበር።

ወረፋ_ጠባቂ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ስለ እኔ ነው የምታወሩት እኮ። እኔ ነኝ «መስኮቱ ፊት የተሰለፈው ሰው»። እንደ ዕቃ ነው የምትጠሩኝ።

እናቴ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራት። ስድስት ወር ጠብቀን የደረሰ ቀጠሮ ነው። በዋዜማው ማታ ስልክ ተደወለ፣ «ነገ አድማ ስላለ ሌላ ቀን እንደውላለን» ተባልን። ሌላ ቀን የሚባለው ሁለት ወር ፈጀ። እናቴ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያን ሁለት ወር እንዴት እንዳደረች እኔ አውቃለሁ። ነርሶቹ ደመወዛቸው ትንሽ እንደሆነ አልጠፋኝም። ጭማሪውም ይገባቸዋል። ግን ማንን ለመቅጣት ነው እናቴ የተቀጣችው? የባለሥልጣኑ እናት እኮ እዚያ አትታከምም።

የፈረቃ_ነርስ፦
ወረፋ_ጠባቂ፣ እህቴ ልበልህ ወንድሜ አላወቅሁም፣ በእናትህ በእናትሽ የደረሰው ያሳዝናል። በዋዜማው ማታ መደወል ነውር ነው። እሱን ማንም ሊከላከለው አይችልም።

ነርስ ነኝ። ከውስጥ የሚታየውን ልንገራችሁ። አንዲት ነርስ ለአራት ሰው የሚሆን ሥራ ሌሊቱን ስትሠራ የሚቀር ቀጠሮ የለም፣ ዜናም አይሆንም። ግን መርፌ ይዘገያል፣ ቁስል ሳይታጠብ ያድራል፣ የተጠራ ደወል ሳይሰማ ይቀራል። በአድማ ቀን የሚጎዳው ሰው ይታያል፣ ስም አለው። በሌላው ቀን የሚጎዳው አይታይም። ልዩነቱ ይሄ ነው እንጂ ዛሬ አድማ ስለሌለ በሽተኛው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ይሄ ማለት ግን ዝም ብሎ ጥሎ መውጣት ይቻላል ማለት አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት ለዚህ መለኪያ አለው። አገልግሎቱ ቢቋረጥ የሰው ሕይወት፣ ደኅንነት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚወድቅ ከሆነ መሠረታዊ አገልግሎት ይባላል፣ አድማ ሊገደብ ወይም ሊከለከል ይችላል። ሆስፒታል፣ ውኃ፣ መብራት፣ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር እዚያ ውስጥ ናቸው። ትምህርት፣ ፖስታ፣ የከተማ ትራንስፖርት ግን በጥብቅ ትርጉሙ አይገቡም። ጣልያን በ1990 በሕግ ቁጥር 146 ደንግጋዋለች። አድማ ከመመታቱ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ የማይቋረጠው ዝቅተኛ አገልግሎትም ይወሰናል። ባቡር እንኳ ሰው ወደ ሥራ በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰዓት መሄድ አለበት።

በታኅሣሥ 2022 የብሪታንያ ነርሶች አድማ ሲመቱ ማኅበራቸው በ106 ዓመት ታሪኩ እንዲህ ያለ ትልቅ አድማ አድርጎ አያውቅም። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ኩላሊታቸው የሚታጠብ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ ሰዎች ግን አልተተዉም። በእያንዳንዱ ክፍል ማን እንደሚቀር አስቀድሞ ተደራድረውበታል።

እና አሸነፉ ወይ? በሚፈልጉት ልክ አይደለም። ስድስት ወር ቆይቶ አድማውን ለማራዘም ድምፅ ሲሰጥ ከመረጡት 84 በመቶው «ይቀጥል» አሉ። ግን ሕጉ ከአባላቱ ቢያንስ ግማሹ ድምፅ መስጠት አለበት ይል ነበር። የሰጡት 43 በመቶ ብቻ ሆኑ። አለቀ። በተቃዋሚ ድምፅ አይደለም የወደቀው፣ በድካም ነው። ሰው ደከመው።

ወረፋ_ጠባቂ፦
እህት ነኝ። ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ። የማይታየውን ጉዳት ያልሽው ገብቶኛል። አስቤው አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን እኔ ይሄን ከማን ልሰማ ነበር? ያን ጊዜ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አገልግሎት የለም» ብቻ ነው የሚለው።

ጥቁር_ሰሌዳ፦
በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት! እኔ ይሄን ውይይት ከላይ እስከ ታች ሳነብ የጠበቅሁት እሱን ነው።

መምህር ነኝ፣ ስለ መምህራን ላውራ። የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ የካቲት 2018። መምህራኑ አድማ የመምታት ሕጋዊ መብት የላቸውም። በ55ቱም የግዛቱ አውራጃዎች ትምህርት ቆመ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ምን አደረጉ መሰላችሁ? ብዙ ልጆች የሚመገቡት ትምህርት ቤት ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ ምግብ በከረጢት በከረጢት አሽገው ለልጆቹ አዘጋጁ። ወላጅ ልጁን እየመገበ አድማ በመታ መምህር ላይ እንዴት ይነሣል? የአውቶቡስ ሾፌሩ እና የወጥ ቤት ሠራተኛዋም አብረው ወጥተዋል። ሾፌር ከሌለ ደግሞ ትምህርት ቤት ከፈትኩ ብሎ ማስመሰል አይቻልም።

ከዚያ ገዢው እና የማኅበር መሪዎቹ ተስማማን ብለው መግለጫ ሰጡ። ለመምህራን 5 በመቶ፣ ለሌላው የግዛቱ ሠራተኛ 3 በመቶ። ሐሙስ ትምህርት ይጀመራል ተባለ። መምህራኑ «ሕግ ሆኖ ሳይጸድቅ አንመለስም» አሉ፣ የራሳቸውን መሪዎች አልሰሙም። ከዘጠኝ የትምህርት ቀን በኋላ ለሁሉም የግዛቱ ሠራተኛ እኩል 5 በመቶ ጸደቀ። «ለሁሉም» የምትለው ቃል ላይ አስምሩልኝ።

ፈረንሳይ በ1995 ደግሞ ሌላ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አላን ዡፔ የጡረታና የማኅበራዊ ዋስትና ማሻሻያ ይዞ መጣ፣ የባቡር ሠራተኞች ቆሙ። ከሦስት ሳምንት በላይ ፓሪስ ያለ ባቡር፣ ያለ ምድር ውስጥ ባቡር፣ በክረምት ቅዝቃዜ። ሰው በእግሩ፣ በብስክሌት፣ የማያውቀውን ሰው መኪና እየለመነ ሥራ ሄደ። እና ብዙው ሕዝብ ደገፋቸው! ፈረንሳዮቹ ራሳቸው «የውክልና አድማ» አሉት። የግል ድርጅት ተቀጣሪው ሥራው እንዳይቀርበት ይፈራል፣ እሱ አድማ መምታት አይችልም፣ ስለዚህ ባቡረኛው የእኔንም ጡረታ ነው የሚሟገትልኝ ብሎ በእግሩ ሄደ። ዡፔ የጡረታውን ክፍል ሰረዘ።

የእኛዎቹም አሉ። በ1966 የካቲት (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) መምህራን የጠየቁት ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሳቸው ነበር? የትምህርት ፖሊሲ ክለሳው፣ ያ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው፣ የድሃውን ልጅ ከላይኛው ትምህርት ያስቀራል አሉ። ወላጁ ሰማ፣ ተማሪው ሰማ። በነዳጅ ዋጋ የተነሡት ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ሰሞን አቆሙ። ክለሳው እንዲዘገይ ተደረገ። የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

ቁጥር_አዋቂ፦
ሁሉንም ተቀብያለሁ፣ ግን የሚጣፍጠውን ብቻ አንብላ። ዳኛው ሕዝብ ነው ካላችሁ ዳኛው ሊፈርድባችሁም ይችላል።

ብሪታንያ፣ የ1978 እና 79 ክረምት። የደመወዝ ጭማሪ ጣሪያ በዋጋ ግሽበት መሐል ታስሮ ነበር፣ የሠራተኛው ብሶት እውነተኛ ነው። ግን ሊቨርፑል ላይ ቀብር ቆፋሪዎች አቆሙ። ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? 80 ገደማ። አስከሬን ሳይቀበር ተከማቸ። በዚያ ክረምት በአንድ ቀን ብቻ አድማ የመቱት ሰዎች አንድ ሚሊዮን ተኩል ደርሰዋል፣ አገሩ ግን የሚያስታውሰው እነዚያን ሰማንያ ሰዎች ነው። በግንቦት ታቸር ተመረጠች፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የማኅበራቱን ክንፍ የሚቆርጥ ሕግ በሕግ ላይ ተደራረበ።

ናይጄሪያ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ2022 ስምንት ወር ቆሙ፣ ከየካቲት 14 እስከ ጥቅምት 14። መንግሥት «ያልሠራ አይከፈለውም» ብሎ ደመወዛቸውን ያዘ፣ የተመለሱበትን የጥቅምት ወር እንኳ የሠሩበትን ቀን ቆጥሮ ግማሹን ነው የከፈለው። ባለማኅተም መጀመሪያ «መንግሥት ይቆጥባል» ያለው ይሄን ነው። መንግሥት ቸኩሎ አያውቅም። የቸኮለው ተማሪው ነው፣ ስምንት ወር ከዕድሜው ላይ የሄደበት። በነገራችን ላይ የመምህራኑ ጥያቄ ትክክል ነበር፣ ከዓመታት በፊት የተፈረመ ስምምነት ይፈጸም ነው ያሉት። ትክክል መሆን እና ማሸነፍ ግን ለየብቻ ናቸው።

ዝም_አልልም፦
እና እንቀመጥ? ሁሌ መጨረሻችሁ «እንቀመጥ» ነው።

ቦስተን፣ 1919። 1,100 ገደማ ፖሊሶች ማኅበር እንመሥርት ብለው አቆሙ። ከተማው ተዘረፈ፣ ሰው ሞተ፣ ሁሉም ተባረሩ። ትልቅ ሽንፈት። ግን በእነሱ ቦታ የተቀጠሩት አዲሶቹ ፖሊሶች ምን አገኙ? የተባረሩት የጠየቁትን የተሻለ ደመወዝ እና የደንብ ልብስ በነፃ! አድማው አሸንፏል፣ የተሸነፉት ሰዎቹ ናቸው። ለእኔ ይሄ የሚያሳየው ገንዘቡ ቀድሞም እንደነበረ ነው። «በጀት የለም» ሲባል ሁሌ ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ለተባረረው ሰው ልጆች ይሄን ብትነግራቸው እራት አይሆናቸውም።

ዝም_አልልም፦
እሱስ ልክ ነዎት አባባ።

አንቀጽ_በአንቀጽ፦
ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ባለማኅተም፣ ስሜቱን ትተህ መጀመሪያ የአገርህን ሕግ እና የራስህን የሥራ መደብ እይ። በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመን ውስጥ ቋሚ ሹመት ያላቸው የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራን ጭምር፣ አድማ መምታት አይችሉም። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄዶ በ2023 መጨረሻ ክልከላው ጸንቷል። ምክንያቱ ሌላ ዋስትና ስላላቸው ነው፤ የዕድሜ ልክ ሥራ፣ በቂ ደመወዝ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ። ኒውዮርክ ደግሞ አድማ ከመታህ ለአንዱ ቀን የሁለት ቀን ደመወዝ ትቀጣለህ። በ2005 የምድር ውስጥ ባቡርና የአውቶቡስ ሠራተኞች ሦስት ቀን አቁመው ማኅበሩ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፣ መሪው ታስሯል።

ሌላ ልብ የሚባል ነገር። የማኅበር ነፃነትን የሚመለከተው የዓለም ሥራ ድርጅት የ1948ቱ ስምምነት ቁጥር 87 «አድማ» የሚል ቃል የለበትም። መብቱ ከስምምነቱ ይመነጫል ወይስ አይመነጭም የሚለው አሠሪና ሠራተኛን ለዓመታት አከራክሮ በ2023 ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ተመርቷል። ስለዚህ «መብታችን ነው!» ብለህ ስብሰባ ላይ ከመጮኽህ በፊት የየትኛው ሕግ መብት እንደሆነ ጠይቅ። ለፖስተኞቹ የሠራላቸው ብዛታቸው ነው፣ ሕጉ አይደለም። አንተ መሥሪያ ቤት ስንት ናችሁ?

ባለማኅተም፦
ከጠበቅሁት በላይ ነው የመለሳችሁልኝ። አንቀጽ_በአንቀጽ ለጠየቅኸው፣ 90 ገደማ ነን፣ እንደ ቀብር ቆፋሪዎቹ መሆናችን ነው። ጽዳቶቹና ጥበቃዎቹ ደግሞ በኮንትራት ናቸው፣ ስብሰባው ላይ አልተጠሩም። አሁን ሳስበው ማናችንም እንጥራቸው አላልንም። ዌስት ቨርጂኒያዎቹ ሾፌሩን ይዘው ወጡ፣ እኛ በር የሚከፍትልንን ሰው ረስተን ነው በር ልንዘጋ ያሰብነው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ሞኝነት ከሆነ ንገሩኝ። ጃፓን ኦካያማ ከተማ በ2018 የአውቶቡስ ሾፌሮች እየነዱ አድማ መቱ፤ መንገደኛውን ጫኑ፣ ሒሳብ ግን አልተቀበሉም፣ የገንዘብ መቀበያውን በጨርቅ ሸፈኑት። የግል ድርጅት ነው። እኛስ አገልግሎቱን ሰጥተን ክፍያውን ብቻ ብንተው? መንግሥት ገቢ ያጣል፣ ተገልጋዩ ምንም አያጣም።

አንቀጽ_በአንቀጽ፦
ሞኝነት አይደለም፣ ግን አደገኛ ነው። ሥራ ያቆመ ሰው በሥራ መቅረት ይጠየቃል። የመንግሥትን ገቢ ሳይሰበስብ አገልግሎት የሰጠ ሰው በገንዘብ ማጉደል ሊጠየቅ ይችላል። እሱ ሌላ ክስ ነው። ከዚያ ይልቅ በመመሪያው መሠረት መሥራት የሚባል ነገር አለ። አንድም ነገር ሳይዘል፣ አንድም ውለታ ሳይሠራ፣ መመሪያው የሚለውን ፊደል በፊደል መፈጸም። ማን ይከስሃል? መመሪያህን አክብረሃል።

ባለማኅተም፦
በስመ አብ! እኛ ጋ መመሪያው በፊደሉ ከተፈጸመ አንድ ፋይል አንድ ወር ይፈጃል።

ወረፋ_ጠባቂ፦
አሁንስ ስንት ነው የሚፈጀው?

ባለማኅተም፦
...ሦስት ሳምንት።

ዝም_አልልም፦
ሞቼ ነበር በሳቅ።

የፈረቃ_ነርስ፦
ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ ባለማኅተም፣ ስብሰባው ላይ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ከ90ው ውስጥ በሦስተኛው ቀን ማን ይኖራል? በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አለ፣ ጋሼ ነግረውናል። የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ ሦስት ልጅ የምታሳድገው፣ የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰው፣ እነሱን ቁጭ ብሎ በስም በስም የሚያናግር ሰው ካልተመደበ እጅ ማውጣት ምንም አይደለም። መዋጮስ አላችሁ? ትንሽ እንኳ? እና መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ሞክሩት፣ የምሳ ሰዓት ላይ ሁላችሁም ግቢ ውስጥ ቁሙ። ሕግ አትጥሱም፣ ግን ማን እንደሚመጣ ታያላችሁ። የእኛ እንደዚያ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ቀን 11 ነበርን፣ አፍረን ቶሎ ተበተንን። በአምስተኛው ሳምንት ግቢው ሞላ።

ባለማኅተም፦
ከነገ ወዲያ እጄን አላወጣም ማለት ነው። ማለቴ አልቃወምም፣ ቀጠሮው ይራዘም ነው የምለው። ጽዳቶቹ ይጠሩ፣ ምን ቢሰጡን እንደምንመለስ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ እና መስኮቶቹ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ከአድማው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይውጣ። ደመወዛችንን ብቻ ሳይሆን ለምን ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ስንት ሰው ጎድሎን እንደምንሠራ የሚናገር። «ፈሪ» የሚለኝ አይጠፋም፣ ይበለኝ።

ጥቁር_ሰሌዳ፦
ወረቀቱን ስትጽፈው መጀመሪያ እዚህ ለጥፈው። ወረፋ_ጠባቂ ታንብበውና ትፍረድ።

ወረፋ_ጠባቂ፦
አነባለሁ። አጭር አድርገው ብቻ፣ ቆሜ ነው የማነበው።